የቤተሰብ ጥሪት በኢትዮጵያ፦ ማን በየትኛው እደላ ላይ ነበረ?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት የኢትዮጵያን የኑሮ ልዩነት በጂኒ መለኪያ 0.33 አካባቢ አድርጎ አስቀምጦታል። ዜሮ ሁሉም እኩል የሚካፈልበትን፣ አንድ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ የገባበትን ሁኔታ በሚያሳየው በዚህ ሚዛን አገራችን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናሚቢያና ከዛምቢያ እጅግ የተሻለ እኩልነት ያላት ትመስላለች። ቁጥሩ በየመድረኩ ይጠቀሳል፤ በራሱም ስህተት የለበትም። የሚለካው ግን ቤተሰቡ በዓመቱ ውስጥ የበላውን፣ የለበሰውንና የከፈለውን ነው። ያፈራውንና ለልጅ የሚያወርሰውን አይነግረንም።

አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሁለት መምህራንን እናስብ። ደመወዛቸው እኩል፣ የልጆቻቸው ቁጥር እኩል። አንዷ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላታል። ሌላዋ በዚያ ዓመት ገና ተማሪ ስለነበረች እስከ ዛሬ የሰው ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ጥናቱ የቤት ባለቤት የሆነችውን መምህር ቤት በኪራይ ተምኖ ወጪዋ ላይ ስለሚደምርላት ሁለቱ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዷ ግን በሚሊዮን ብር የሚገመት ቤት አላት። ሌላዋ አከራይ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዕቃዋን ጭና ሰፈር ትቀይራለች፣ ልጆቿም ትምህርት ቤት ይቀይራሉ።

ስለ ጥሪት ያለን መረጃ የተበታተነ ነው። ከፊሉ በመሬት አዋጆች ውስጥ፣ ከፊሉ በጥቂት የገጠር ጥናቶች፣ ቀሪው በቀበሌና በወረዳ መዝገቦች ይገኛል። ተሰብስቦ ሲታይ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይላል። የኢትዮጵያን ቤተሰብ ጥሪት ከደመወዝና ከትጋት ይበልጥ የወሰነው፣ መንግሥት መሬትና ቤት ባደለበት ቀን ሰውየው የት እንደነበረ፣ ዕድሜው ስንት እንደነበረና በማን ስም እንደተመዘገበ ነው።

አስቀድሞ ግን መረጃው የት ድረስ እንደሚወስደን እንይ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤተሰቦችን በጥሪት ደረጃ የሚከፍልበት መንገድ አለው። የቤቱን ወለል፣ የውኃውን ምንጭ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን፣ ሞባይሉን፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን፣ አልጋና ወንበሩን፣ ከብቱንና መሬቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ሕዝቡን አምስት እኩል ቦታ ይከፍላል። ከተሜው በብዛት በላይኛው አምስተኛ ውስጥ ይገኛል፤ ከገጠሩ ሕዝብ ግን ወደዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። መለኪያው ለጤና ጥናት በእጅጉ ይጠቅማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ምንጊዜም ሃያ በመቶ ስለሆነ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት ሰፋ ወይስ ጠበበ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሲሚንቶ ወለልና ቴሌቪዥን ያለው የቀበሌ ቤት ተከራይና አምስት ፎቅ ያለው ባለ ሕንፃም አንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ዓለም አቀፍ ባንኮች በየዓመቱ የሚያወጡት የአገራት የሀብት ሰንጠረዥም የቤተሰብ ሀብት ቆጠራ ለሌላቸው አገሮች የሚጠቀመው የሌሎችን አገሮች መረጃ መነሻ ያደረገ ግምት ነው። ስለዚህ «ከላይ ያለው አሥር በመቶ ይህን ያህል ይዟል» የሚል ቁጥር ስለ ኢትዮጵያ ስሰማ እጠራጠራለሁ።

ታሪኩን ከ1967 ዓ.ም. መጀመር ግድ ነው፤ ያ ዓመት የዛሬው ካርታ የተሣለበት ነውና። ከዚያ በፊት በሰሜኑ ርስት ነበረ፤ ከአንድ አያት የሚወለዱ ሁሉ ድርሻ የሚጠይቁበት ሥርዓት። በላዩ ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት የሆነው ጉልት ይቀመጥ ነበር። በደቡቡ አብዛኛው መሬት በቀላድ ተለክቶ ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ፣ ባላባቱ ሲሶውን ያዘ፣ አራሹ ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩል እየሰፈረ ኖረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ይህንን በአንድ ቀን አፈረሰው። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ መሸጥና ማስያዝ ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ከተማውን ተከተለ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደለት፤ ትርፍ የተባለው ቤት ያለ ካሣ ተወረሰ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ለኢንዱስትሪ የሚፈቀደው የግል ካፒታልም በ500 ሺህ ብር ተገደበ።

ይህ በአፍሪካ ከታዩት የሀብት ሽግሽጎች ሁሉ ጥልቅ ከሆኑት አንዱ ነበር። የደቡብ ጭሰኛ ከእኩልና ከሲሶ ነፃ መውጣቱን ማቃለል አይቻልም፤ ለሚሊዮኖች እህል ጎተራ ውስጥ መግባት ማለት ነበር። ሆኖም እደላው ሁለት ነገሮችን ትቶ አለፈ። አንደኛው፣ ቤት የነበረው ሰው ከቤቶቹ የተሻለውን፣ እስከ 500 ካሬ ሜትር ከሚደርስ ቦታ ጋር ይዞ ቀረ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዚያ ግቢ ዋጋ ከማንኛውም ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ በጥቂት ብር ኖረ፤ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን አይሸጥም፣ ዋስትና አይሆንም፣ መንገድ ሲወጣ ይፈርሳል።

ወደ ገጠሩ ስንዘልቅ የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው ነው። ያኔ በደርግ ዘመን ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት ባለ መሬት የነበሩት «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው አንድ ሄክታር ገደማ ሲተውላቸው ቀሪው ለሌሎች ተከፋፈለ። ጎጃምና ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ጉዳይ ዛሬም ሲነሣ ድምፅ ይለወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ዓመት ለድልድሉ ያልደረሱት ናቸው። በ1989 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። የራሱ የመሬት ደብተር የለውም፤ የአባቱን ማሳ ከወንድሞቹ ጋር ይጠብቃል፣ ወይም የሌላውን በእኩል ያርሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት በነጻ የማግኘት መብት ለአርሶ አደሩ ሰጥቷል። የሚታደል መሬት ግን አልቋል። የአገሪቱ አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ወርዷል፤ በወላይታ፣ በከምባታ፣ በጌዴኦ ደግሞ ከግማሽ ሄክታር ያነሰው ብዙ ነው።

መሬቱ በአንጻራዊነት እኩል በተከፈለበት ቀበሌ ውስጥ እንኳ ቤተሰቦችን የሚለየው በሬ ነው። ጥማድ በሬ ያለው በወቅቱ ያርሳል። አንድ በሬ ያለው ከመሰሉ ጋር በመቀናጆ ይሠራል፤ ዝናቡ ጥሎ ሁለቱም ማሳዎች እርሻ ሲፈልጉ የአንዱ መዘግየቱ አይቀርም። በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። በሬ ካጡት መካከል ደግሞ ሴቶች የሚመሯቸው ቤተሰቦች ቁጥር ጎልቶ ይታያል፣ ሞፈር መጨበጥም በልማድ የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለቀረ ምርቱን ለሁለት መካፈል ግዴታቸው ሆኗል። ስለዚህ በደብተር ላይ እኩል የሆነ መሬት በጎተራ ላይ ግማሽ ይሆናል።

በዚህ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በተለይ መጠቀስ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ተቋም ጋር ሆኖ በ15 የገጠር ቀበሌዎች 1,500 ገደማ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከዚያ መረጃ ተመራማሪዎቹ ፋፍሻምፕና ኪሱምቢንግ ጥንዶች ሲጋቡ ምን ይዘው እንደሚመጡ መርምረዋል። ወንዱ ይዞት የሚመጣው መሬትና ከብት ከሴቷ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሴቷ የምታመጣው በአብዛኛው የቤት ዕቃና ልብስ ነው። ኑሮው ከመጀመሩ በፊት ጥሪቱ ተከፍሎ አልቋል ማለት ነው። ስቴፋን ደርከን ደግሞ በዚሁ መረጃ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የተጎዱ ቤተሰቦች በ1980ዎቹም ኑሯቸው የተሻሻለው ከሌሎቹ ቀስ ብሎ እንደነበረ አሳይቷል። ለእህል የተሸጠ በሬ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ አይመለስም።

በሴቶች ረገድ ግን ሕጉ የለወጠው ነገር አለ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራ ሀብት በፍቺ ጊዜ እኩል እንዲከፈል ደነገገ። በ1990ዎቹ በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የመሬት ይዞታ ደብተርም አለ፤ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍርበት ተደረገ። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደብተር የያዙ ሴቶች መሬታቸውን «ይወሰድብኛል» ብለው ሳይሰጉ ማከራየት እንደቻሉ አሳይተዋል። ርካሽ ወረቀት ነው፤ አንዳንድ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ያላመጡትን ለውጥ አምጥቷል። ፎቶግራፉ ግን በትዳር ላይ ያለችን ሚስት እንጂ ወንድሞቿ ጋር ውርስ የምትጠይቅን ልጅ አያሳይም፤ ብዙው ጭቅጭቅ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የአርብቶ አደሩ ጥሪት በሌላ ሕግ ይገዛል። በቦረና ላይ ተመራማሪዎቹ እነ ላይበርትና ባሬት ያሳተሙት ጥናት መንጋው ከ10 እስከ 15 የቀንድ ከብት በታች ከወረደ ቤተሰቡ ወደ ሩቅ ግጦሽ መንቀሳቀስ እንደሚሳነው፣ ከዚያም ቁልቁል እየወረደ በጥቂት ላሞች እንደሚቀር አሳይቷል። ከዚያ መስመር በላይ ያለው ከድርቅ በኋላ ያገግማል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ ክልል በርካታ ቤተሰቦች ያንን መስመር ወደ ታች አለፉት። ከተማ ውስጥ ያለን ሰዎች ድርቅን በተራቡ ሰዎች ቁጥር ብቻ እናስበዋለን። ዕርዳታ እህል ሰጥቶ ሰዎቹን ከሞት ቢያተርፍም የጠፋውን መንጋ ካልመለሰ ቤተሰቡ ለትውልድ ከባለ ከብትነት ወጥቷል። በሰሜኑ ጦርነት በሬያቸው ታርዶ፣ ማሳቸው ጦም አድሮ ለተፈናቀሉት ገበሬዎችም ነገሩ ያው ነው።

አሁን ወደ ከተማው። ሰፊው ልዩነት ያለው እዚህ ነው፤ በ2008ቱ ጥናት በፍጆታ እንኳ የከተማው ጂኒ ከገጠሩ በግልጽ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ መሬት የሚገኝባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። የድሮ ይዞታ አለ፤ በ1986 የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ከወጣ ወዲህ ጨረታ አለ፤ በማኅበር ተደራጅቶ የተገኘ ቦታ አለ፤ ኮንዶሚኒየም አለ። ጨረታው ገንዘብ ላለው ነው። ሌሎቹ ሁሉ የምዝገባ ቀን፣ የነዋሪነት መታወቂያና ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር በዚህ አገር ለመካከለኛውና ለዝቅተኛው ገቢ የተዘረጋ ትልቁ የጥሪት ማከፋፈያ ነበር። በ1997 ዓ.ም. 450 ሺህ ገደማ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተለየ። ለሴቶች የተለየው ድርሻ፣ በእኔ ግምት፣ በከተማ ሴቶች ጥሪት ላይ ከማንኛውም ፖሊሲ የበለጠ አሻራ አኑሯል። ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋና በረጅም ጊዜ ብድር ቤት አገኘ፤ የዋጋ ንረቱ ብድሩን አቃለለለት፣ ቤቱን አስወደደለት። አቅም ያጠረው ባለ ዕድል ደግሞ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ወደ ረከሰ ሰፈር ወረደ፤ የባንኩን ዕዳ የሚከፍለው ተከራዩ ሆነ። ዕጣ ያልደረሰው ያን ሁሉ ዓመት ቆጥቦ የቆጠበው ብር ዋጋ እያጣ ሲሄድ አየ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ሲሰረዝ የተሰማው ቁጣ የገባኝ ለዚህ ነው። ለብዙ ቤተሰቦች ያ ዕጣ በዕድሜያቸው አንዴ የሚያገኙት የጥሪት ዕድል ነበር።

ይህ ቤት ግን በማን መሬት ላይ ቆመ? በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ ጤፍና ስንዴ ያበቅሉ የነበሩ ገበሬዎች ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለተነሺው የሚከፍለው ካሣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው። ስሌቱ የሚከተለው ሰብሉን ነው። መሬቱ ወደ ከተማ ሲገባ የሚያገኘው አዲስ ዋጋ ስሌቱ ውስጥ የለም፤ ያ ዋጋ በሊዝ ወደ መንግሥት፣ በዕጣ ወደ ቤት ባለቤት፣ በጨረታ ወደ አልሚው ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣውን ተቃውሞ ብዙዎች በብሔር ፖለቲካ ብቻ አነበቡት። እኔ ሁለት እውነተኛ የጥሪት ጥያቄዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ አየሁ፦ አሥራ አራት ዓመት ተራ የጠበቀ ቆጣቢና ከአባቱ ማሳ የተነሣ ገበሬ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ስሌት የሠራ አልነበረም።

በመሐል ከተማ ደግሞ መልሶ ማልማትና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ሰፈሮችን ሲያነሣ ከአንድ ግቢ ሦስት ዓይነት ሰው ይወጣል። ባለ ይዞታው ካሣና ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይመደብለታል። ደባሉ ግን፣ ያው ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢኖርም፣ ስሙ በውሉ ላይ ስለሌለ በራሱ ይወጣል። ስለ መልሶ ማልማት የሚጻፉ ሪፖርቶች የተነሡትን ቤቶች ይቆጥራሉ። ደባሎችን የሚቆጥር ሪፖርት ማየት እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ራሱ ከጥሪት ይቆጠራልና እሱንም እንንካው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ ሲቆይ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በባንክ የሚያስቀምጠው አስተማሪ፣ ባለ ሱቅና ጡረተኛ በየዓመቱ እየቀነሰበት፣ በመያዣ የሚበደረው ባለ ሕንፃ እየጨመረለት ሄደ። መያዣ ያለው ማነው? ቤት ያለው ነው፤ እዚህም ያው የመጀመሪያው እደላ ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ መፍቀዱ ይህንን በር ለገበሬው ሊከፍት ይችላል፤ ባንኮች በግማሽ ሄክታር ላይ ምን ያህል ያበድራሉ የሚለው ወደፊት ይታያል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ አክሲዮን ሲሸጥ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው አሥራ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ለአብዛኛው ቤተሰብ ትርፍ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ዕቁብ፣ ወደ ከብት ወይም ወደ ቤት መሥሪያ ነው፤ ያንን በአንድ ዓመት የአክሲዮን ሽያጭ መለወጥ አይቻልም።

ከውጭ የሚገባው ገንዘብም ካርታውን ቀይሮታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው የሚልከው ዶላር በብር ሲመነዘር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በአዲስ አበባ አፓርታማ ገበያ ከብር ደመወዝተኛው ጋር የሚፎካከረው ይህ ሰው ነው። በሪያድና በቤሩት በቤት ሠራተኝነት የምትሠራዋ ወጣት ደግሞ የወሎንና የጅማን ከተሞች በቆርቆሮ ቤት ሞልታለች። የላከችው ገንዘብ ቤት ሲሆን ቦታው ብዙ ጊዜ በወንድም ወይም በአባት ስም ይመዘገባል፤ እሷ ስትመለስ እንግዳ ትሆናለች። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቆንስላ በኩል በራሷ ስም መመዝገብ የምትችልበት መንገድ።

በብሔር የሚነሣውን ክርክር አልዘለልኩትም። በብሔር የተከፋፈለ የጥሪት ቆጠራ የለንም፤ ስለዚህ «የነዚህ ሀብት፣ የነዚያ ድህነት» የሚሉ ድምዳሜዎች ማስረጃ የላቸውም። የሚታወቀው መሬት የሚያድለው የአካባቢ አስተዳደር መሆኑ፣ መሬት ለማግኘትም የቀበሌው ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ እንደሚያስፈልግ ነው። ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሄዶ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ፣ ተፈናቃይ፣ ወቅታዊ አጫጅ በየትም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ሊኖር ይችላል። ይህ የየትኛውንም ብሔር ድሃ የሚመታ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ክርክሩ ያተኮረው ሰው ምን ያህል ይከፍላል በሚለው ላይ ነው፤ የሚገባ ክርክር ነው፤ በተለይ ውድ ግቢ ይዘው በጡረታ ለሚኖሩ አረጋውያን እፎይታ ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ታክሱን ለመሰብሰብ ከተሞች እያንዳንዱን ቤትና ቦታ ከነባለቤቱ መመዝገብ፣ ዋጋውንም መገመት አለባቸው። ያ መዝገብ ስም ተነሥቶለት፣ በወረዳ፣ በባለ ይዞታው ጾታና በይዞታው ዓይነት ተጠቃሎ ለስታቲስቲክስ አገልግሎት ቢሰጥ፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ጥሪት በማን እጅ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ማየት ይቻላል። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የገንዘብ ሚኒስቴርና የከተማ አስተዳደሮች መዝገቡን ገና ሲያዘጋጁ ሁለት ዓምዶች ቢጨምሩ ይበቃል፦ ይዞታው በምን መንገድ እንደተገኘና በየትኛው ዓመት።